የጄኔራሉን የደብዳቤ ሳጥን ለተረከባችሁ ልጆች

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ልጆቼ፣ ጡረታ የወጡ ጄኔራል አባት ወይም አያት ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ብዙዎቻችሁ የሹመት ደብዳቤውንና የሜዳይ ምስክር ወረቀቱን ታስቀምጡና የሰርግ ጥሪውን፣ የሰደቃና የተዝካር መልእክቱን፣ «እንደምን ከርመሃል» የሚለውን የጓደኛ ወረቀት ለእሳት ትሰጣላችሁ። እባካችሁ ተዉ። የሹመቱ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ሊገኝ ይችላል። ሠራዊቱ በ1983 ከተበተነ በኋላ ማን የት እንደ ገባ፣ ማን የማንን ልጅ እንደ ዳረ፣ ማን ማንን እንደ ቀበረ የሚናገረው ግን ያ ተራ ወረቀት ነው።

ክሩን ከመፍታታችሁ በፊት እስሩን እንዳለ ፎቶ አንሱት። አብረው የታሰሩ ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ሰው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ከተበተነ አይመለስም። ፖስታውን ከደብዳቤው አትለዩ፤ ቀኑና ከተማው ያለው ማኅተሙ ላይ ነው። የዛገውን ስፒል በቀስታ አውጡ። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ፤ ሙጫው ቢጫ ይሆንና ቀለሙን ይበላል። ማስታወሻ መጻፍ ካለባችሁ በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው ጥግ ላይ ይሁን።

ቀኑን መለየት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውጭ አገር ያለ ጓደኛ በፈረንጅ ቀን ይጽፋል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። የሰርግ ጥሪ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመት አይጽፍም። «እሁድ ጥር 16» ብቻ ቢል፣ ከ1983 ወዲህ ጥር 16 እሁድ የዋለው በ1985፣ በ1991፣ በ1996፣ በ2002 እና በ2013 ነው፤ አንድ ቀን በዚያው ዕለት የሚውለው በ5፣ በ6 ወይም በ11 ዓመት ነውና። ከእነዚህ ውስጥ የሙሽራውን ዕድሜ የሚያውቅ ሰው አንዱን ይመርጥላችኋል። «ጓድ» ብሎ ጀምሮ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ የሚዘጋ የደርግ ዘመን ነው። ማዕረግም ይረዳል፤ «ሻ/ል» ሻምበል፣ «ሻ/ቃ» ሻለቃ መሆኑን አትርሱ፣ ሁለቱን ማምታታት የሰውየውን ታሪክ በዓመታት ያዛባል። ይሁንና በማዕረግ ብቻ አትተማመኑ። የሐረር ጦር አካዳሚ የኮርስ ጓደኛ ጄኔራሉን እስከ ዕለተ ሞቱ በድሮው ማዕረግ ወይም በቅጽል ስም ሊጠራቸው ይችላል። ስለዚህ እሳቸው በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ ቅጽል ስሙ የማን እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ክፍለ ጦር እንደ ነበር ጠይቃችሁ ደብተር ላይ መዝግቡ። በአንድ ጊዜ ከአሥር ደብዳቤ በላይ አታንብቡላቸው፤ የሞቱ ጓደኞችን ስም መስማት ያደክማል። ሲዝሉ አቁሙና ቡና አፍሉ።

የደሴ ክረምት ለወረቀት ክፉ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ሳጥን ከውስጥ ያልበዋል፣ ከዚያ ሻጋታ ይመጣል። ሳጥኑን ከግድግዳ አርቃችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት፤ ወረቀቱንም በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ፖስታ ክተቱት። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ነፍሳቱን በየወሩ ፈትሹ።

በስልክ ፎቶ ስታነሱ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፖስታውንም አንሱ። ቅጂው ቢያንስ በሁለት ከተማ ይቀመጥ። በ2014 በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ያየ ከተማ ይህን ሲሰማ ምክንያቱን አይጠይቅም።

በመጨረሻም ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ደብዳቤው ውስጥ የሰው ዕዳ፣ ሕመም፣ እስር አለ። የጻፈው ሰው ልጆች ካሉ ፈልጋችሁ አስፈቅዱ፤ ፈቀዱም አልፈቀዱም ግን የአባታቸውን የእጅ ጽሑፍ ቅጂ ስጧቸው።