የነዳጅ ታክስ፣ አማራጭ ነዳጅና የቤንዚን ዋጋ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የድፍድፍ ዋጋ በግማሽ ወርዷል ሲባል እንሰማለን። ቤንዚኑ ለምን በግማሽ አይወርድም?

መልስ፦ ድፍድፉ ከዋጋው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ገደማ ይይዛል። በርሜሉ 80 ዶላር ከሆነ በሊትር 50 ሳንቲም ይደርሳል። የማጣራት፣ የማጓጓዝና የማከማቸት ወጪ፣ የማደያው ትርፍና ታክሱ አንድ ላይ 70 ሳንቲም ናቸው እንበል፤ ሊትሩ 1 ዶላር ከ20 ይሸጣል። በርሜሉ 40 ዶላር ሲገባ ሊትሩ 95 ሳንቲም ይሆናል። ድፍድፉ 50 በመቶ ወርዶ ቤንዚኑ የቀነሰው 21 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ማደያውን ከመውቀስ በፊት ይህን ስሌት መሥራት ይገባል።

ጥያቄ፦ በሊትር ተቆርጦ የሚከፈል ታክስ ይሻላል ወይስ በመቶኛ የሚሰላ?

መልስ፦ በመቶኛ የሚሰላው ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ሕዝብ በተቸገረበት ሰዓት ሸክሙን ያብሳል። በሊትር የተቆረጠው አይንቀሳቀስም፣ ግን የዋጋ ንረት ይበላዋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የቤንዚን ታክስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ የመንገድ ሥራ ወጪ ግን አልቆመም። እኔ የምደግፈው በሊትር ተቆርጦ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከለውን ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ባለባቸው ብዙ አገሮች ደግሞ ያ ታክስ የሚሰላው ኤክሳይዙ (በሊትር የሚቆረጠው የነዳጅ ታክስ) ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 40 ሳንቲም ኤክሳይዝ በ20 በመቶ 48 ሳንቲም ሆኖ ገዢው ላይ ያርፋል። ክርክር ላይ ይህች 8 ሳንቲም ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

ጥያቄ፦ የካርቦን ታክስ ሊትሩ ላይ ስንት ይጨምራል?

መልስ፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ናፍታ 2.7። (ከሊትሩ ክብደት የሚበልጠው ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው።) በአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 50 ዶላር ታክስ ቢጣል ቤንዚን ላይ 11.5 ሳንቲም፣ ናፍታ ላይ 13.5 ሳንቲም ይጨመራል።

ጥያቄ፦ እሱስ ድሃውን አይጎዳም?

መልስ፦ ገንዘቡ ተሰብስቦ ከቀረ አዎ፤ በተለይ አውቶቡስ የማይደርስበትን የገጠር ሰው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቢጫ ሰደርያ ለባሾቹ አደባባይ የወጡት በዚሁ ነበር፤ ለ2019 ታቅዶ የነበረው ጭማሪም ተሰረዘ። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ታክሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር በቶን 10 የካናዳ ዶላር ብቻ ነበር፤ ገቢውም ሌሎች ታክሶችን በመቀነስ እንዲመለስ ተደረገ። ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ቢመለስ ትንሽ ነዳጅ የሚጠቀመው ከከፈለው በላይ ያገኛል። ግን ገንዘቡ ሰው እጅ መግባት ያለበት ዋጋው ከመጨመሩ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ኢታኖል (ለነዳጅ የሚያገለግለው አልኮል) በሊትር ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን ቶሎ ያልቃል?

መልስ፦ በሊትር ያለው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያንሳል። 10 በመቶ ሲቀላቀል ፍጆታው 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱንም ነዳጅ የሚቀበል መኪና ያላቸው ብራዚላውያን የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው፦ የኢታኖሉ ዋጋ ከቤንዚኑ ዋጋ 70 በመቶ በታች ከሆነ ኢታኖል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቤንዚን። ነዳጅ የሚነጻጸረው በሚያስኬደው ኪሎ ሜትር ነው፤ ታክሱም በሊትር እኩል ከተጣለ በኢታኖል የሚነዳው በኪሎ ሜትር የበለጠ ይከፍላል።

ጥያቄ፦ ኢታኖል ሞተርስ ያበላሻል?

መልስ፦ የቅርብ ዘመን የቤንዚን መኪኖች አብዛኞቹ 10 በመቶ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ የመኪናውን መመሪያ ይመልከቱ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ ኢታኖል ግን 9 ኪሎ ብቻ። ኢንጀክተሩ በዚያው ልክ ብዙ ነዳጅ መርጨት ካልቻለ አየር ይበዛል፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ማስነሳትም ያስቸግራል። በአሮጌ መኪና የጎማ ቱቦና ጋስኬት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል።

ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን ከመጠኑ ግማሽ በመቶ ያህል ውኃ ከገባበት ኢታኖሉ ከውኃው ጋር ተለይቶ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ሥር ይተኛል፤ ፓምፑም የሚስበው ከሥር ነው። በላዩ አዲስ ቤንዚን መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ከላይ የቀረው ቤንዚንም ኦክቴኑ ወርዷል። ሙሉ በሙሉ ይቀዳ፣ ፊልትሮው ይቀየር። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ሰልባትዮው ሞልቶ፣ የክዳኑ ጎሚኒ ደህና ሆኖ ይቁም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የምግብ ዘይት አጣርቼ ናፍታ ሞተር ውስጥ ብጨምርስ?

መልስ፦ አይሞክሩት። ዘይት ከናፍታ በብዙ እጥፍ ይወፍራል፤ ኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ከሰል ይሠራል፣ ያልተቃጠለውም ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያበላሻል። ባዮዲዝል የሚባለው ዘይቱ ሜታኖል ከሚባል አልኮል ጋር በኬሚካል ተዋህዶ ግሊሰሪኑ ከወጣለት በኋላ ነው። እሱም ሲጀመር የቆየ ቆሻሻ ያነሳልና ፊልትሮ ቶሎ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ ታክስ አይከፍልም። መንገዱን ማን ይጠግን?

መልስ፦ በኪሎ ሜትር መክፈል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቀላል የኤሌክትሪክ መኪኖችን በ1,000 ኪሎ ሜትር 76 የኒውዚላንድ ዶላር ታስከፍላለች። ክፍያው ግን ክብደትንም ማየት አለበት፦ በመንገድ ምሕንድስና የተለመደው ስሌት እንደሚለው የአንድ አክስል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። አነስተኛ የቤት መኪናና ከባድ መኪና በአንድ ተመን ቢከፍሉ የከባዱን ጉዳት የሚሸፍነው ባለ ቤት መኪናው ነው።