«ተጣብቋል አይደል?» - ስለ ካርድ ማጣበቂያ ለጠየቀችው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። የሠርግ ጥሪና የእንቁጣጣሽ ካርድ በእጅሽ እየሠራሽ ትሸጫለሽ፤ ኮላው ወረቀቱን እያጨማደደ አስቸግሮሻል፤ «ከኮላ የጠነከረ፣ የማይለቅ ምን አለ?» ነው ያልሽው። ከሥር «ማስቲሽ አድርጊና ተገላገይ» ብለው የመለሱልሽንም አነበብኩ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው በዚያች መልስ ምክንያት ነው። እባክሽ እንዳትሰሚያቸው።

ስለ መቁረጥና ስለ ማጠፍ አልነግርሽም። የለጠፍሽውን ፎቶ አይቻለሁ፤ እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ጠርዞችሽም ቀጥ ያሉ ናቸው። ያንቺ ችግር ሙጫ ብቻ ነው። እኔም በዚሁ ሥራ እንጀራዬን ስለምበላ የማውቀውን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ጥንካሬን እርሺው። ካርድ ማንም አይረግጠው፣ ማንም አይቀመጥበት። ወረቀትን ከወረቀት ጋር ለመያዝ ደካማ የሚባለው ሙጫ እንኳን ይበቃል። በደንብ የተጣበቀ ወረቀት ለማላቀቅ ስትሞክሪ የሚቀደደው ወረቀቱ ራሱ ነው እንጂ ሙጫው አይለቅም። ባለ ሱቁን «ጠንካራ ስጠኝ» ካልሽው አናጺና ጫማ ሰፊ የሚጠቀሙበትን አውጥቶ ይሰጥሻል። አይፈረድበትም፤ የጠየቅሽው እሱን ነው። አንቺ ማወቅ ያለብሽ ሁለት ነገር ነው፦ ምን ያህል ውኃ አለው? ሲቆይስ ምን መልክ ያመጣል?

የውኃው ነገር እንዲህ ነው። ወረቀት ተነባብሮ የደረቀ የእንጨት ቃጫ ነው። ቃጫ ውኃ ሲጠጣ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፣ በጎኑ ግን ያብጣል። የካርዱ አንድ ፊት ብቻ ሲርስ ያ ፊት ይሰፋል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፣ ካርዱም ይጎብጣል። ሙጫው እዚህና እዚያ ሲበዛ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ይጨማደዳል። ቀጭኑ፣ ባለ 80 ግራም የሚባለው የፎቶኮፒ ወረቀት ወዲያው እጁን ይሰጣል። ወፍራሙ ባለ 250 ግራም ትንሽ ይታገሳል።

ሌላም አለ። ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ነው የሚተኛው። ወረቀቱን ሳትሰብሪው ወደ አንድ ጎን ለመጥ አድርጊው፣ ከዚያ ወደ ሌላው። በቀላሉ የታዘዘልሽ ጊዜ ማጠፊያው ከቃጫው ጋር ጎን ለጎን ሆኗል ማለት ነው። ሁለት ወረቀት ስትደራርቢ የሁለቱም ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። አንዱ በቁም፣ ሌላው በአግድም ከሆነ ሲደርቁ ይጓተታሉ፣ ካርዱም ይጣመማል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከወረቀት ጋር ስታገል ራሴ ያገኘሁት ነው። ኋላ መጽሐፍ ጠራዦች ድሮም የሚያውቁት ነገር መሆኑን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ተናደድኩ።

2. ኮላን አታባርሪው። ነጩ ኮላ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ሽታ የለውም፣ ርካሽ ነው። ያጨማደደብሽ አንድም ስለበዛ፣ አንድም ስለቀጠነ ነው። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን አትግዢ። አንዳንዱ ነጋዴ ውኃ ይጨምርበታል፤ ውኃ ደግሞ ያንቺ ጠላት ነው። እንጨት ነክረሽ አውጪው። ከባድ ሆኖ ቀስ እያለ ከወረደ ደህና ነው። እንደ ወተት ከተንጠባጠበ ተይው። ፋብሪካው ያሸገውን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ግዢ። እኔ አንዴ የቀጠነ ሸጦልኝ መልሼ ብወስድለት «ሞቆት ነው» ያለኝ ነጋዴ አለ። ወሩ ነሐሴ ነው! አዲስ አበባ ላይ ሰው ጋቢ ለብሶ!

አቀባቡን በብሩሽ አታድርጊው። ያረጀ የኤቲኤም ካርድ ውሰጂ፣ ትንሽ ኮላ ጠብ አድርጊ፣ ወረቀቱን እስኪያሳይ ድረስ ስበሽ አሳሺው። «ይሄ አነሰ» ብለሽ እስክትጠራጠሪ ድረስ ይሳሳ። ከዚያ ከላይና ከታች የክላሴር ፕላስቲክ አድርገሽ ከባድና ለጥ ያለ ነገር ጫኚበት። እኔ የወለል ሴራሚክ ነው የምጠቀመው፤ ቤት ከሚያሠራ ጎረቤት የተረፈ ለምኜ። እስኪነጋ አትንኪው። ነሐሴና ጳጉሜን ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሌላ ቀን ጨምሪለት። የእንቁጣጣሽ ካርድ መከራው ይሄ ነው፤ ሥራው የሚበዛው ሙጫ በማይደርቅበት ወቅት ነው። መስከረም 1 የሚሰጥ ካርድ ጳጉሜን ላይ ኮላ ከነካው ሰው እጅ የሚደርሰው ጎብጦ ነው።

3. እንደ ሊፒስቲክ እየተጠመዘዘ የሚወጣውን ስቲክ አትናቂው። «የልጆች ነው» ይሉሻል። የጀርመኑ ሄንክል ፕሪት ብሎ በ1969 ለገበያ ሲያወጣው ሐሳቡን ያገኘው ከሊፒስቲክ ነው፤ የቢሮ ሰው እጁን ሳያቆሽሽ እንዲያጣብቅ። ውኃው ትንሽ ስለሆነ ቀጭን ወረቀት አያጨማድድም። ፖስታ ለመሥራት፣ ካርዱ ውስጥ ጽሑፍ ያለበትን ስስ ወረቀት ለመለጠፍ ከሱ የሚሻል የለም። ክፋቱ፣ ጠርዙ ላይ በደንብ ካልደረሰ ከጊዜ በኋላ ይነሳል። ከመሃል ወደ ውጭ ቀቢ፣ ጠርዙን አሳልፈሽ ቀቢ፣ በጥፍርሽ ሳይሆን በጨርቅ ተጫኚው። ገበያው ላይ በሞላው አስመስሎ የተሠራ አትታለይ። ደረቅ ሆኖ እየተፈረፈረ ከወጣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ጣይው።

4. ማስቲሽ።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ይቅርና ታሪኩን ልንገርሽ።

ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን ሠርግ ትልቅ ትዕዛዝ መጣልኝ። ሙሽራዋ ነጭ በነጭ ነው የፈለገችው። ከታች ወፍራም ነጭ ካርድ፣ ከላይ በጥበብ ጥለት ቅርጽ የተቆረጠ ስስ ነጭ ወረቀት። ዲዛይኑን እኔ ሠራሁት፤ እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ብዛቱ ለብቻዬ ስለማይገፋ ማጣበቁን ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ። ናሙና አሳየኋቸው። ማጣበቂያውን ራሴ ገዝቼ፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ከነጥቅሉ አስረከብኳቸው። «በዚህ ብቻ» አልኩ። «ችግር የለም እመቤት» ተባልኩ።

ካርዱ ሲመጣ ያምራል። ግን ይሸታል። «ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «የቀለም ሽታ ነው፣ ይጠፋል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሊስትሮና ጫማ ሰፊ ባለበት ሰፈር ነው ያደግኩት፤ የማስቲሽ ሽታ አይጠፋኝም። ብጠረጥርም ላዩ ላይ ምንም አይታይም ነበርና ለቤተሰቡ አስረከብኩ።

ሳምንታት አለፉ። ካርዱ ሊበተን ሲል የሙሽራዋ እናት ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ እሱ ነው የባሰው። «ልጄ፣ ይሄ ካርድ ወጥ ነክቶታል እንዴ?» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ያ ስስ ነጭ ወረቀት ላይ የብሩሹ ምልክት ቡናማ ሆኖ ወጥቷል። እየተዝረከረከ የተቀባበት አቅጣጫ ሁሉ ይታያል። ካርቶኑን ስከፍተው ሁሉም እንዲያ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማስቲሽ በኬሚካል የተሟሟ ጎማ ነው። ኬሚካሉ ተንኖ ሲሄድ ጎማው ይቀራል። ስስ ወረቀት ደግሞ እንደ ዘይት ይመጠዋል። ያ ጎማ አየርና ብርሃን እያገኘው ሲሄድ ይወይባል፣ መያዙንም ያቆማል። ለቆዳና ለስፖንጅ የተሠራ ነገር ነው፤ እዚያ ቢወይብ ማን ያየዋል? የሽታውን ነገር አላነሳም፤ በፌስታል ይዘው ጎዳና ላይ የሚስቡት ልጆች ምን እንደሚሆኑ ሁላችንም እናያለን። በተዘጋ ክፍል ቀኑን ሙሉ እሱን እየተነፈስሽ ካርድ ልትሠሪ?

ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ከወንበሩ አልተነሳም። ካርዱን ገለጥ አደረገው፣ ለማላቀቅ ሞከረ፣ እንቢ አለው። ከዚያ ቀና ብሎ «ተጣብቋል አይደል?» አለኝ። በቃ! እኔ ስለ ቀለሙ እነግረዋለሁ፣ እሱ ስለ መጣበቁ ይነግረኛል። «እኔ የሰጠኋችሁ ፕላስተርስ?» አልኩት። ጥቅሎቹ የት እንደገቡ እስከዛሬ አልታወቀም። «በፕላስተር ሲሠራ ልጆቹ ይዘገያሉ» ብሎ እንደ ውለታ ነገረኝ። ገንዘቤን ስጠይቅ ደረሰኙን አውጥቶ አሳየኝ። «ካርድ ማጣበቅ» ይላል። በምን እንደሚጣበቅ የተጻፈ ነገር የለም። «አንቺ እኔን ስለ ማስቲሽ ልታስተምሪኝ ነው?» አለ፤ ሠራተኞቹ ሳቁ።

ካርዱን እንደ አዲስ ሠራነው። እህቶቼ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ሳሎኑ መሬት ላይ ተዘርግተን። ወረቀቱን ከኪሴ ነው የገዛሁት፤ የዚያ ሠርግ ትርፍ እዚያ አለቀ። ሙሽራዋ ግን የጠየቀችውን አገኘች። አንዱ ካርድ እናትየው ቤት ቡፌ ውስጥ ቆሟል፤ በሄድኩ ቁጥር ሰርቄ አየዋለሁ። አሁንም ነጭ ነው። ከዚያ ቤተሰብ ስንት ትዕዛዝ እንደመጣልኝ ያ ሰውዬ ቢሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ሥራሽን ለሌላ ሰው ከሰጠሽ የማጣበቂያው ስም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር እንጂ ማስቲሽ አይደለም» ብለሽ። ቢስቁብሽም ይጻፍ።

ፕላስተሩን ካነሳሁ አይቀር፣ ሱቆቹ ደብል ቴፕ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ለሠርግ ካርድ እኔ ከሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ውኃ የለውም፣ ስለዚህ መጨማደድ የለም፣ መጠበቅም የለም። ግን ተለጥፎ ማንሳት የለም፤ አንዴ ካስቀመጥሽ አለቀ። ለዚህ አንድ ዘዴ አለኝ። የፕላስተሩን ሽፋን ሁሉንም አትላጪው። ጫፍ ጫፉን ብቻ ላጥ አድርገሽ ወደ ውጭ እጠፊው፣ ወረቀቱን ቦታው ላይ አስተካክይ፣ ከዚያ የታጠፈውን ጫፍ ይዘሽ ሳቢው። ርካሹና ቢጫ መልክ ያለው ጎማ ነክ ነው፤ እሱም እንደ ማስቲሽ ዕድሜው ሲገፋ ይወይባል። ሙጫው ጥርት ያለውን፣ አክሪሊክ የሚባለውን ጠይቂ። ከፍ ብሎ እንዲታይ የምትፈልጊው አበባ ወይም ስም ካለ ስፖንጅ ያለውን ወፍራሙን ፕላስተር ከሥሩ አድርጊ። ውጭ አገር በፖስታ የሚላክ ከሆነ ግን ተይው፤ መንገድ ላይ ተደፍጥጦ ነው የሚደርሰው።

ሱፐር ግሉም የሚመክሩሽ ይኖራሉ። ወረቀት ውስጥ ሰርጎ እንደ ጠጠር ይደርቃል፣ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፣ ዙሪያውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። እጅሽን በጥጥ ልጥረግ ብትዪ ደግሞ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ስለሚግል ያቃጥልሻል። በኤሌክትሪክ ሽጉጥ የሚቀልጠው ግሉ ለሪባንና ለሉል ጥሩ ነው፤ ነጥብ ታክል ብቻ፣ ሲሳብ እንደ ክር የሚቀረውን ሙጫ አጽጂለት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ካርቶኑን ከተውሽው ግን ይለሰልስና ሉሎቹ ይንሸራተታሉ። መብራት ሲጠፋም ሥራው መቆሙን አትርሺ፤ ሁሌም የሚጠፋው ደግሞ ርክክብ ነገ ሲሆን ነው። የዱቄት ሙጫ ለልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይሁን፤ ለሚቀመጥ ካርድ ይሻግታል፣ ነፍሳትም ይወዱታል።

የምትጠቀሚውን ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ በብጣሽ ወረቀት ሞክሪው። ከዚያው ከምትሠሪበት ወረቀት ቁረጪ፣ አጣብቂ፣ ግማሹን ሸፍነሽ ግማሹን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፊው። ትዕዛዝ ከመቀበልሽ በፊት እንጂ ከተቀበልሽ በኋላ አይደለም። እኔ አሁን መስኮቴ ላይ የብጣሽ መዓት ተሰልፏል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ፎቶው ላይ ያየሁት ወርቃማው ወረቀት ፕላስቲክ የተለበጠ ነው ወይስ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ የታተመ? ጥግ ላይ ትንሽ ቅደጂውና እይው። ፕላስቲክ ስስ ሆኖ ከተለየ ላዩ ላይ ኮላም ስቲክም አይሠራልሽም፤ ውኃው ወደ ፕላስቲኩ መግባት ስለማይችል ሙጫው ደርቆ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ከሆነ የጀርባውን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ።