መሣሪያው ተቀቅሏል ወይስ መክኗል? ስለ ጥርስ ሕክምና መሣሪያ አጠባ ጥያቄና መልስ

የምሠራው የጥርስ ክሊኒክ ማምከኛ (በመሣሪያ ላይ ያለ ተሕዋስ ሁሉ የሚገደልበት) ክፍል ውስጥ ነው። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሳላደራጅ እንደ አመጣጣቸው መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከታካሚ የወጣውን መሣሪያ መጀመሪያ 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ለ10 ደቂቃ እንዘፈዝፋለን። የተማርነውም ይህንኑ ነው። አሁን ግን «አቁሙ» የሚሉ አሉ። ማንን እንስማ?

መልስ፦ አቁሙ የሚሉትን። እኔም ዓመታት ስዘፈዝፍ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ልማዱን መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን መሣሪያን ከማጠብ በፊት በፀረ ተሕዋስያን መዘፍዘፍን አይመክርም። ክሎሪን ደምና ምራቅ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። አጣቢዋ ግን «ተዘፍዝፏል» ብላ ስለምታምን ጥንቃቄዋ ይላላል። በረኪናው ብረቱንም ይበላዋል። አይዝጌ የተባለው እንኳ ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣል፣ ቆሻሻም እዚያ ይደበቃል።

የሚያስፈልገው ደሙ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ወዲያው የማይታጠብ ከሆነ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፍኑት። ሳላይን አትጠቀሙ፤ ጨው ያዝገዋል።

ጥያቄ፦ አውቶክሌቩ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ሁሉን ከገደለ መፈተጉ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ እንፋሎት የሚገድለው የነካውን ነው። በደረቀ ደም ወይም በጥርስ መሙያ ሲሚንቶ ቅሪት ሥር የተሸሸገውን ላያገኘው ይችላል። ቆሻሻ ያለበት መሣሪያ አውቶክሌቭ ሲገባ ቆሻሻው ይቀቀላል እንጂ አይለቅም፣ እንዲያውም ይበልጥ ይጣበቃል።

በእጅ የምታጥቡ ከሆነ ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ መነጽርና እጀታው ረጅም ብሩሽ ይኑራችሁ። መሣሪያውን ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ ፈትጉ፤ ከቧንቧ ሥር ከተፈተገ ፍንጣሪው ፊት ላይ ያርፋል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የደሙ ፕሮቲን መርጋት ይጀምራል። መቀስና ፎርሴፕስ ተከፍተው ይታጠቡ፣ ተከፍተውም ይምከኑ። ካለቀለቃችሁ በኋላ አድርቃችሁ በብርሃን ሥር እዩት፤ አጉሊ መነጽር ካላችሁ አትስነፉ።

ጥያቄ፦ አልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ) ማጠቢያችን መሥራቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ስስ የአሉሚኒየም ፎይል በፈሳሹ ውስጥ በቁመቱ አንጠልጥሉና አስነሡት። ከደቂቃ በኋላ ፎይሉ ላይ የተነቆረው ምልክት በእኩል ካልተበተነ ማሽኑ አንዱን ጥግ እያጠበ አይደለም። ክዳኑ ተዘግቶ ይሥራ።

ጥያቄ፦ ያለን ሃንድፒስ (የጥርስ መቦርቦሪያው እጀታ) ሁለት ብቻ ነው። በታካሚ መካከል በአልኮል መጥረግ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ሃንድፒሱ በቆመ ቅጽበት ከአፍ ውስጥ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፣ አልኮሉ ደግሞ የሚያብሰው ውጩን ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ ውሃና አየር ለ20 ወይም 30 ሰከንድ ልቀቁበት፤ ከዚያ ውጩን አጽድታችሁ ዘይት ስጡት፣ ትርፍ ዘይቱን አስወጡና በፓውች (በማምከኛ ከረጢት) አሽጋችሁ አውቶክሌቭ አስገቡት። አልትራሶኒክ ውስጥ ግን አይግባ። ሃንድፒሱ ሁለት ከሆነ የታካሚው ቁጥር በሃንድፒሱ ይወሰን። ባለቤቱ ይህን መስማት አይወድም፤ ቢሆንም ንገሩት።

ጥያቄ፦ የምንሠራው ከፍታ ቦታ ላይ ነው። የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያሳያል፣ የስፖር ፈተናው (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር አስገብቶ መሞቱን ማየት) ግን ወደቀ። አውቶክሌቩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ይህን የጠየቅኸው ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። መለኪያው የሚያሳየው ግፊቱ ከውጩ አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ የውጩ አየር ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ያህል መጨመር አለበት፤ 2,400 ሜትር ላይ 19 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ በግፊት ሳይሆን በሙቀት መለኪያው ሂዱ። ማሽኑ የተሠራለትን ግፊት ሳታውቁ ግን ቫልቩን አትነካኩ፣ ቴክኒሻን ጥሩ። ሌላው ተጠርጣሪ ያልወጣ አየር ነው፤ አየር በቀረበት ጥግ ግፊት ይኖራል፣ ሙቀቱ ግን አይደርስም። አጨናንቃችሁ ከሞላችሁትም ውጤቱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ እሽጉ ላይ የለጠፍነው የማምከኛ ምልክት ቴፕ ጠቁሮ ወጥቷል፣ ምን ያሳስባል?

መልስ፦ ቴፑ የሚመሰክረው ሙቀት እንዳገኘው ብቻ ነው። ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ውስጡ ደረሰ ወይ ለሚለው መልስ የለውም። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በስፖር ፈትኑ፤ ለእንፋሎት የሚውለው ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የተባለው ባክቴሪያ ስፖር ነው። ፈተናው ከወደቀ ማሽኑ ከሥራ ይወጣል፣ ካለፈው ጥሩ ውጤት ወዲህ የመከነውም ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና ይሠራል። መዝገብ ከሌላችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ትለያላችሁ?

ጥያቄ፦ አውቶክሌቭ የለንም። ማፍላት ይሆናል? ደረቅ ምድጃስ?

መልስ፦ የፈላ ውሃ ስፖርን አይገድልም፣ ስለዚህ ማምከን አይባልም። ደረቅ ሙቀት ይሆናል፤ በ170 ዲግሪ 1 ሰዓት፣ በ160 ደግሞ 2 ሰዓት ሙሉ፣ የሚቆጠረውም ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። መሐል ላይ በሩን ከከፈታችሁ ከዜሮ ጀምሩ። ሃንድፒስና ፕላስቲክ አይገቡበትም።

ጥያቄ፦ ፓውቹ ትንሽ እርጥብ ሆኖ ቢወጣስ?

መልስ፦ እርጥብ ወረቀት ጀርም ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል። አዲስ ፓውች፣ እንደገና ማምከን። ይህ ከተደጋገመ ፓውቾቹን ከመደራረብ በጎናቸው አቁሟቸው፣ የማድረቂያ ጊዜውንም አታሳጥሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ታካሚ ነኝ። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ እሽጉ ፊትዎ እንዲከፈት ይጠይቁ፣ ስለ ሃንድፒሱም ለይተው ይጠይቁ። በጥያቄዎ የሚቆጣ ካለ ከወንበሩ ይነሡ።