«በመካከላችን ውል ምን ያደርጋል?»

ውድ የዚህ አምድ አዘጋጅ፣

ጽሑፎችዎን ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በፊልም ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። የጀመርኩት በአንድ አነስተኛ የፊልም ሥራ ድርጅት ውስጥ ስልክ በማንሳትና ደብዳቤ በመጻፍ ነው። ከዚያ የቀረጻ መርሐ ግብር ማውጣት፣ ከዚያ የቀረጻ ቦታ ማስፈቀድ፣ ከዚያ በጀት መሥራት እያልኩ የፕሮዳክሽን ማኔጀር ሆንኩ። ሦስት ፊልሞችና ሁለት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች በእጄ አልፈዋል። ባልደረቦቼ «እናታችን» ይሉኛል፤ ማን እንደራበው፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ክፍያ እንደዘገየ የማውቀው እኔ ነኝና።

በመጨረሻው ፊልማችን ዳይሬክተሩ በቀረጻው መካከል ታሞ ተኛ። የኪራይ ካሜራ ቀን በቀን ይቆጥራል፤ ተዋንያኑንም በትኖ እንደገና መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ ለዘጠኝ ቀን ቀረጻውን መራሁት። ፊልሙ ለዕይታ ሲበቃ ስሜን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። መጨረሻ ላይ ምሳ ካቀረበልን ድርጅት ስም ቀጥሎ «ልዩ ምስጋና» በሚለው ሥር አገኘሁት። ምንም አልተናገርኩም። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም።

አሁን የምጽፍልዎ በሌላ ጉዳይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አጭር ልብ ወለድ አነበብኩና ከልቤ አልወጣ አለ። ደራሲዋን ፈልጌ አገኘኋት፤ ደስ ብሏት በቃል ፈቀደችልኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ እየተቀመጥኩ ታሪኩን ወደ ስድስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ቀየርኩት። የመጀመሪያውን ክፍል አራት ጊዜ ከልሼዋለሁ፤ የሙሉውን በጀትም ሠርቻለሁ። ሥራውን ብዙ ፊልም ላጠናቀቀው የቀድሞ አለቃዬ አሳየሁት፤ ወደደው። «አምጪው፣ ጣቢያዎቹን እኔ አውቃቸዋለሁ፤ አብረን እንሠራዋለን፣ አንቺ ተባባሪ ፕሮዲዩሰር ትሆኛለሽ» አለኝ። ውል እንጻፍ ስለው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔና አንቺ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ? በመካከላችን ውል ምን ያደርጋል? ይህ ስድብ ነው» አለ።

በዚሁ ሰሞን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቋሚ ደመወዝ ሊቀጥረኝ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ተቀበይ ይላል። እናቴ ደግሞ ልጅሽ በሰው እጅ አደገች እያለች ታለቅሳለች። ሰውየውን አምኜ ልስጠው? ብቻዬን ልጀምር? ወይስ ደመወዙን ይዤ ልረፍ?

ከካሜራው ጀርባ ያለሁት

*

እህቴ፣

በዕድሜ ስለምበልጥሽ «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚኝ። ወደ ጽሑፍ ከመዞሬ በፊት እኔም በኤዲቲንግ ክፍል ጨለማ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ «ልዩ ምስጋና» የሚለውን መስመር አውቀዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው በቀድሞ አለቃሽ ተናደድኩ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ በአንዲት አጭር ሐረግ ላይ ተተክሎ ቀረ፦ «በቃል ፈቀደችልኝ»። የሦስት ዓመት ድካምሽ የቆመው በዚህች ሐረግ ላይ ነው። ደራሲዋ ነገ ሐሳቧን ብትለውጥ፣ ታሪኩን ለሌላ ብትሸጠው ወይም፣ አይበለውና፣ ብትሞትና ወራሾቿ ቢነሱ፣ አንቺ የያዝሽው የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። ሰውየው «በመካከላችን ውል ምን ያደርጋል» ሲልሽ አመመሽ። አንቺም በአፍሽ ባትናገሪውም ለደራሲዋ ያንኑ ብለሻታል። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ አንቺ በክፋት እንዳላደረግሽው እሱም ምናልባት በክፋት አላደረገው ይሆናል። ግን ሥራሽ ከዚህ ይጀምራል።

ሙሉ መብቱን ዛሬውኑ መግዛት አይጠበቅብሽም። በሙያው ኦፕሽን የሚባል ውል አለ። ጥቂት ገንዘብ ትከፍያለሽ፤ ደራሲዋ በበኩሏ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት ተኩል፣ ታሪኩን ለሌላ ላለመስጠት ትፈርማለች። ጊዜው የሚታደስበት መንገድና ቀረጻ ሲጀመር የምትከፍይው ሙሉ ዋጋ አስቀድሞ እዚያው ይጻፋል። በዚያው ወረቀት ላይ ታሪኩን ወደ ቴሌቪዥን ድራማ የመቀየር መብት፣ የደራሲዋ ስም በምን ቃልና በየት ቦታ እንደሚወጣ፣ ሥራው ካልተሠራ መብቱ መቼ እንደሚመለስላት ይስፈር። ጣቢያ ወይም አከፋፋይ ሥራሽን ከመግዛቱ በፊት ከደራሲዋ ወደ አንቺ፣ ከአንቺ ወደ አምራቹ ድርጅት መብቱን የሚያስተላልፉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከመካከላቸው አንዱ ከጎደለ የድራማው ውበት አያድንሽም። የሙዚቃ ፈቃድ ሳይያዝ ቀርቶ ተጠናቆ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ፊልም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያውም ለአንዲት ዘፈን።

ስልክ በማንሳትና ደብዳቤ በመጻፍ ጀመርኩ ስላልሽኝ የፈረንሳዊቷን ፊልም ሠሪ የአሊስ ጊ ታሪክ ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ፓሪስ ውስጥ የካሜራ ድርጅት የነበረው የሊዮን ጎሞን ጸሐፊ ነበረች። ፊልም ልሥራ ብላ ስትጠይቀው የጽሕፈት ሥራዋ እስካልተበደለ ድረስ ፈቀደላት። እ.ኤ.አ. በ1896 የመጀመሪያ ፊልሟን ሠራች፤ በኋላም የድርጅቱ የፊልም ምርት ኃላፊ ሆነች፤ በ1910 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች። እንዲህ ያለች ሴት በእርጅናዋ ዘመን ምን ስትሠራ ነበር መሰለሽ? የሠራቻቸውን ፊልሞች እየፈለገች፣ ስማቸውን በዝርዝር እየመዘገበች፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ለሌሎች ሰዎች የሰጧቸውን ሥራዎች የእኔ ናቸው እያለች ትከራከር ነበር። በ1968 አረፈች፤ የሕይወት ታሪኳን የጻፈችበት መጽሐፍ የታተመው ግን በ1976 ነው። ስም ማስከበር ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከወጣ በኋላ ዕድሜ ይጨርሳል።

ያ የዘጠኝ ቀን ጉዳይም እንዲሁ በዝምታ እንዲያልፍ አልፈልግም። የዕለት የቀረጻ ሪፖርቶችና ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ የሚነግሩት የጥሪ ወረቀቶች በእጅሽ አሉ አይደል? አንቺ ካላስቀመጥሽ ማን ያስቀምጣል! ቅጂያቸውን ያዢ። ዳይሬክተሩ ድኖ ከሆነ ሂጂና ሳትቆጪ፣ ሳታለቅሺ፣ እነዚያን ቀናት የመራሽው አንቺ እንደሆንሽ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። ሰው ሲያገግም ውለታ ያስታውሳል። ወደፊት በሚወጡ ቅጂዎች ላይ ስምሽ ይስተካከል እንደሆነም ጠይቂ። ባይስተካከል እንኳ ደብዳቤው ለቀጣይ ሥራሽ ይጠቅማል።

«እናታችን» የሚሉሽም ነገር ፈገግ አሰኝቶኛል። አይዳ ሉፒኖ ተዋናይት ሳለች ከባሏ ጋር ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ነጻ የሆነ የራሷን የፊልም ኩባንያ አቋቁማ ነበር። በ1949 ለፊልሟ የቀጠረችው ዳይሬክተር የልብ ሕመም ሲይዘው ቀረጻውን ራሷ መራች፤ በዳይሬክተርነት ግን ስሟን አላስገባችም። ልክ እንደ አንቺ። በኋላ በስሟ መምራት ስትጀምር የዳይሬክተር ወንበሯ ጀርባ ላይ «የሁላችን እናት» የሚል ተጽፎበት ነበር። ይሁንና ይህች እናት የኩባንያው ባለቤት ነበረች። የአንቺም ወንበር «እናት» ይበል፣ ግድ የለኝም፤ ውሉ ግን «ፕሮዲዩሰር» ይበል።

ወደ ሰውየው እንምጣ። ሌባ ነው አልልሽም፤ ያስፈልግሻልም። ጣቢያ ለስድስት ክፍል ድራማ ገንዘብ ሲመድብ የሚጠይቀው «ከዚህ በፊት ምን አጠናቀቃችሁ?» ብሎ ነው፤ እሱ መልስ አለው። ስለዚህ አትጣይው፤ ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ከደራሲዋ የተፈረመውን ውል ይዘሽ ስትሄጂ ንግግሩ ራሱ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ እሱ የሚያስገባሽ ሳይሆን አንቺ የምታስገቢው ሰው ይሆናል።

«ተባባሪ ፕሮዲዩሰር» የሚለው ስያሜ እንደ ላስቲክ ነው፤ ለግማሽ ባለቤትም ይሰጣል፣ ቡና ላመጣ የአጎት ልጅም ይሰጣል። አንቺ ታሪኩን አግኝተሽ፣ አስጽፈሽ ሳይሆን ራስሽ ጽፈሽ፣ በጀት ሠርተሽ ስታበቂ ተባባሪ የሚሆነው እሱ ነው። ሁለታችሁም «ፕሮዲዩሰር» ተብላችሁ እኩል ብትወጡ መልካም ነው፤ የጸሐፊነት ስምሽ ደግሞ ለብቻው ይውጣ፣ ለብቻውም ይከፈልበት። የጸሐፊን ክፍያ በፕሮዲዩሰርነት ክፍያ ውስጥ አሟሙቶ ማስቀረት የቆየ ዘዴ ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ «ከተጣራው ትርፍ ይህን ያህል በመቶ» የሚለውን ነው። ቁጥሩ ሲያምር ሰው ይፈርማል። ነገር ግን ከገቢው ላይ መጀመሪያ የሻጩ ኮሚሽን ይነሳል፤ ከዚያ የማስታወቂያና የማከፋፈያ ወጪ፣ ከዚያ የባለሀብቱ ገንዘብ ከነጭማሪው፣ ከዚያ በዱቤ የሠሩ ሰዎች ክፍያ። ተጣርቶ ተጣርቶ ለአንቺ የሚደርሰው ዝቃጩ ነው፤ እሱም ካለ። ስለዚህ ስለ መቶኛው ከመከራከርሽ በፊት ከገቢው ላይ ምን ምን እንደሚቀነስና በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀነስ አስጽፊ፤ ሒሳቡን የማየት መብትም ይኑርሽ። ቋሚ የፕሮዲዩሰር ክፍያሽ በበጀቱ ውስጥ ይግባና ከፊሉ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ይከፈልሽ። ሥራው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቀረጻ ካልገባ ደግሞ መብቱ ወደ አንቺ ይመለስ። «ይህ ስድብ ነው» ቢልሽ፣ ለካሜራ አከራዩ ስንት ጊዜ እንደፈረመ ጠይቂው። ካሜራውን ሰድቦት ነው?

ደመወዙን በተመለከተ ባለቤትሽን አትቆጪው፤ ጥሩ ነገር ነው ያመጣልሽ፣ ሳያውቀውም ቢሆን። ዶሮቲ አርዝነር ሆሊውድ ውስጥ የፊልም ጽሑፍ በታይፕ ከመምታት ተነሥታ ኤዲተር ሆነች። ዳይሬክተር ልሁን ስትል ድርጅቷ ሲያንገራግር ሌላ ኩባንያ እንደጠራት ነግራ ልሄድ ነው አለች፤ በ1927 የመጀመሪያ ፊልሟን ሰጧት። መሄጃ ያለው ሰው ሲደራደር ድምጹ አይንቀጠቀጥም። የጣቢያውን ሥራ ብትቀበዪ ነጻነቷን ሸጠች የሚልሽን አትስሚ፤ በነጻ ፊልም ዓለም የምናውቃቸው ብዙ ሰዎች ኪራያቸውን የከፈሉት በሌላ ሥራ ነው። አንድ አንቀጽ ብቻ ፈልጊ፦ ሠራተኛ በቅጥር ዘመኑ የሚፈጥረው ሁሉ የድርጅቱ ነው የሚለውን። ድራማሽ ከቅጥሩ በፊት የተጻፈ የግል ሥራሽ መሆኑን በስም ጠቅሰሽ ካላስወጣሽ እንዳትፈርሚ።

ብቻዬን ልጀምር ወይ ላልሽው፣ ስድስቱን ክፍል ብቻሽን አትጀምሪ። አኜስ ቫርዳ በ1954 ፎቶግራፍ አንሺ ሳለች፣ በማንም ረዳትነት ሳትሠራ፣ የራሷን ትንሽ ኩባንያ አቋቁማ የመጀመሪያ ፊልሟን ሠርታለች፤ ተዋንያኑና ባለሙያዎቹም ደመወዝ ሳይቀበሉ ባለድርሻ ሆነው። መብቱ በእጇ ስለቀረ ኩባንያዋ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ሥራዎቿን ያሳድስና ያከፋፍል ነበር። ይህን ግን ያደረገችው በአንድ ፊልም ነው። ሰውየው እንቢ ካለሽ የመጀመሪያውን ክፍል አሳጥረሽ፣ በሁለት ተዋንያንና በአንድ ቤት ውስጥ፣ ለማሳያ ቅረጪው። በጀት ላይ ለድንገተኛ ወጪ አሥር በመቶ ያዢ፤ ይህን ለአንቺ መንገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው፣ ግን ሰው በራሱ ገንዘብ ሲሠራ መጀመሪያ የሚሰርዘው ይህንኑ መስመር ነው።

ስለ ልጅሽ። የእናትሽን እንባ ማስቆም አልችልም። ለመብራት ባለሙያው ትራንስፖርት በበጀት ሲያዝ ማንም አያለቅስም፤ የልጅ ጠባቂሽን ወጪም እዚያው በጀት ውስጥ ጻፊው። አንዳንድ ድጋፍ ሰጪዎች ይቀበሉታል፤ የማይቀበሉትም ቢሆኑ ተጽፎ ሲያዩት የፕሮዲዩሰሯ ጊዜ ዋጋ እንዳለው ያያሉ። የ14 ሰዓት የቀረጻ ቀንም ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። መርሐ ግብሩን የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ አሥር ሰዓት አድርጊውና ሦስት ቀን ጨምሪ። የደከመ ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት የሚቀርጸውን እኔ በኤዲቲንግ ክፍል አይቼዋለሁ፤ አብዛኛው ፊልሙ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ አለቃሽ አትደውዪ፤ ለጣቢያውም የአሥር ቀን ጊዜ ጠይቂ። ውሉን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳይተሽ በሁለት ቅጂ አስጽፊ፣ በአቅምሽ የምትከፍይውን ገንዘብ ያዢና ወደ ደራሲዋ ሂጂ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልመጣሽ ትጠይቅሽ ይሆናል። ያለሽውንና ያለችሽን ጻፊልኝ።