የቦተም ብራኬት ርዝመት፦ ከጅማ ብስክሌተኞች የደረሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ውሃና ጭቃ ኩሽኔታ ውስጥ ሲገባ ይከርምና መስከረም ሲጠባ ፔዳሉ መንቋቋት ይጀምራል። በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎችም አብዛኞቹ ስለ ቦተም ብራኬት (ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ዘንግና ኩሽኔታ)፣ በተለይም ስለ ፐርኖው፣ ማለትም ስለ ዘንጉ ርዝመት ናቸው። የምመልሰው የፐርኖው ጫፍ አራት ማዕዘን ስለሆነው፣ ክራንኩ (ፔዳሉን የሚይዘው እጅ) በብሎን ስለሚታሰርበት ዓይነት ነው።

«የተራራ ብስክሌቴ ቦተም ብራኬት አለቀ። አሮጌው ላይ 68-113 ይላል። ባለሱቁ ግን 113 የለም፣ 122.5 ውሰድ፣ መርዘሙ አይጎዳም አለኝ። ልግዛው?» (ከፈረንጅ አራዳ)

አይግዙት። የመጀመሪያው ቁጥር ቦተም ብራኬቱ የሚገባበት የፍሬሙ ቱቦ ስፋት ነው፤ ሁለተኛው የፐርኖው ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ርዝመቱን የሚወስነው ክራንኩ ነው። እያንዳንዱ ክራንክ ሲሠራ የፊት ጥርሶቹ (ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሳም ክቦች) ከፍሬሙ መሃል የተወሰነ ርቀት ላይ እንዲቆሙ ታስቦ ነው። ይህ ርቀት የካቴና መስመር ይባላል፤ የፊት ጥርሳቸው ሦስት በሆነ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ 47.5 ወይም 50 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ጥርስ ባላቸው የኮርሳ ብስክሌቶች ላይ 43.5 አካባቢ ነው።

ከ113 ወደ 122.5 ሲሄዱ ፐርኖው በ9.5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይወጣል። ስለዚህ ጥርሶቹ 4.75 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሸሻሉ። ትንሽ ይመስላል እንጂ የፊት ማርሽ ቀያሪው ትልቁ ጥርስ ላይ መድረስ ሊያቅተው ይችላል። ከዚያ የሚብሰው ዳገት ላይ ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሲወጡ የሚይዙት ማርሽ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ነው። የኋላው ትልቅ ጥርስ ከሁሉም ወደ ውስጥ የገባው ስለሆነ፣ ፊተኛው ወደ ውጭ በሸሸ ቁጥር ካቴናው ይበልጥ ይጣመማል፤ ይንቋቋል፣ ጥርሱንም ቶሎ ይበላል።

115 ካገኙ ግን ይውሰዱት፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ማርሽ ቀያሪውን በማስተካከል ይታረማል። 110ም ይሠራ ይሆናል፤ ሆኖም ጥርሶቹ 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ትንሹ ጥርስ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ እንዳይነካ ሱቁ በር ላይ ገጥመው፣ አዙረው ይዩት።

«ማርሹን አውልቄ ብስክሌቴን ባለ አንድ ጥርስ አደረግኩት። ካቴናው ግን እየወለቀ አስቸገረኝ። ፐርኖው 118 ነው።» (ተማሪ፣ ከቂጦ ፉርዲሳ)

ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ለካ። የኮርቻውን ቱቦ ውፍረት ለክተህ ለሁለት አካፍል፤ በብዙ የብረት ፍሬሞች 28.6 ስለሆነ 14.3 ይመጣል። በዚያ ላይ ከቱቦው ጎን እስከ ፊት ጥርሱ መሃል ያለውን ርቀት ደምር፤ ያ የፊት መስመርህ ነው። ለኋላው ደግሞ የኋላው ጎማ የሚታሰርባቸውን ሁለት የፍሬም ጫፎች ውስጥ ለውስጥ ለክተህ አጋምስ፤ ከዚያ ላይ ከቀኙ ጫፍ እስከ ኋላ ጥርሱ መሃል ያለውን ቀንስ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ ባለ አንድ ጥርስ ብስክሌት ካቴናውን መልሶ የሚያስተካክልለት ማርሽ ቀያሪ የለውም።

የፊቱ 47.5፣ የኋላው 42.5 ቢመጣ እንበል፤ ፊቱ 5 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት፣ ስለዚህ ፐርኖው በ10 ያጥራል። 108 በተለመዱት መጠኖች ውስጥ የለም፤ ቅርቡ 107 ነው። ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ጥርሱን ከክራንኩ ፈትተህ ወደ ውስጠኛው በኩል ማሰር ይቻል እንደሆነ እይ። የሦስት ጥርስ ክራንክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ወጪውም ጥቂት አጫጭር ብሎኖች ብቻ ነው።

«የቦተም ብራኬቱ የቀኝ በኩል አልፈታ አለ። ሁለት ሰው ታገለው።» (ከኮቺ)

ምናልባት እያጠበቃችሁት ይሆናል። በብዛት በምናያቸው ፍሬሞች ላይ በካቴናው በኩል ያለው የብሎን ጥርስ ግልባጭ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይፈታል። የግራው እንደ ማንኛውም ብሎን ነው። ስፋቱ 70 የሆነ የጣሊያን ፍሬም ግን ሁለቱም ጎኑ እንደ ተራ ብሎን ይፈታል። ዝገት ከያዘው ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት፤ አዲሱን ስትገጥሙ የብሎን ጥርሱን ግሪስ ቀቡት።

«ልጄ ቁመቱ ጨመረ፤ ረዘም ያለ ፐርኖ ላስገባለት?» (አባት፣ ከመንደራ)

አያስፈልግም። ከቁመት ጋር የሚሄደው የክራንኩ እጅ ርዝመት ነው፤ 165 ወይም 170 ተብሎ እጁ ጀርባ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ፐርኖው ቢረዝም እግሮቹን ከማራራቅ ሌላ ለልጁ የሚጨምርለት ነገር የለም። ኮርቻውን ከፍ ያድርጉለት።

«ከውጭ የመጣ ያገለገለ የኮርሳ ብስክሌት ገዛሁ። ርዝመቱ አንድ ዓይነት የሆነ ቦተም ብራኬት ብገጥምም ክራንኩ ወደ ውጭ ወጣ። ደግሞ የግራው ክራንክ ይላላል፤ ቆርቆሮ ልወትፍበት?» (ከአጂፕ)

አራት ማዕዘኑ ጫፍ ሁለት ልክ አለው። አንዱ ጂስ የሚባለው የጃፓን ልክ ነው፤ ሺማኖ የሚጠቀመው ይህንን ነው። ሌላው ኢሶ ነው፤ እንደ ካምፓኞሎ ያሉት የአውሮፓ ክራንኮች ለሱ የተሠሩ ናቸው። የኢሶው ጫፍ ቀጠን ይላል። የኢሶ ክራንክ በጂስ ፐርኖ ላይ ሲገጠም 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይቀራል፤ የእርስዎም ችግር ይህ ይመስለኛል። በተቃራኒው የጂስ ክራንክ በኢሶ ፐርኖ ላይ ከመጠን በላይ ዘልቆ ይገባና ብሎኑ ሳያጠብቀው ይቀራል። ስለዚህ ሲገዙ ርዝመቱን ብቻ አይጠይቁ፤ ክራንኩን ይዘው ይሂዱ።

ቆርቆሮውን ግን እባክዎ አያስገቡ። ክራንኩ አልሙኒየም፣ ፐርኖው ብረት ነው፤ ላልቶ አንድ ቀን ከተነዳ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሞረዳል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ቢጠብቅ አይይዝም። ቆመው ሲረግጡ ቢወልቅ የሚወድቁት ባጃጅ መሃል ነው። ቀዳዳው ማዕዘኑን ካጣ የግራውን ክራንክ ይለውጡ፤ አዲሱንም በመዶሻ ሳይመቱ፣ ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ኃይል የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ካገኙ ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ያድርጉልኝ ይበሉ።