ሰርቨሩ ሲነሳ ፓስወርዱን ማን ይስጠው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ በፓይተን የተጻፈ አገልግሎት ያስተዳድራል፤ የሰርተፍኬቱ (የአገልግሎቱን ማንነት የሚያረጋግጠው ፋይል) ፕራይቬት ኪ፣ ማለትም ምስጢራዊ ቁልፉ፣ በፓስወርድ የተመሰጠረ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ ይነሳል፣ አገልግሎቱ ግን ፓስወርድ የሚያስገባለት ሰው ስለሌለ ቆሞ ይቀራል። በመጨረሻ ፓስወርዱን ማስነሻው ትዕዛዝ ላይ ጻፈው። «ሠርቶልኛል፣ ግን ልክ ነው ወይ?» ይላል።

ልክ አይደለም ወንድሜ፤ ዛሬውኑ አንሳው። ሊኑክስ ላይ ሆን ተብሎ ካልተከለከለ በቀር፣ ትዕዛዝ መስመር ላይ የሰፈረውን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሰው «ፒኤስ» (የሚሮጡ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ብሎ ያነበዋል። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው የሰርቨሩ አስተዳዳሪ) መሆን አያስፈልገውም። ቁልፉንም በሌላ ፓስወርድ እንደገና መስጥረው። ባክአፕ ውስጥ የቁልፉ ቅጂ ካለ ግን ይህ አይበቃም፤ ያ ቅጂ አሁንም በድሮው ፓስወርድ ይከፈታል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ቁልፍና አዲስ ሰርተፍኬት አውጣ።

ብዙ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሲስተሙ የሚቀበለው እሴት) ነው። ከበፊቱ ይሻላል፣ እኔ ግን አልወደውም። አገልግሎቱ የሚያስነሳቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ ይወርሱታል፤ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚጻፈው የስህተት ሪፖርትም አንዳንዴ ይዞት ይወጣል።

እኔ የምመክርህ ፓስወርዱን ለብቻው ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱ 400 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው)። ከዚያ በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) «ሎድክሪደንሻል» በሚባለው ቅንብር አገልግሎቱ ሲነሳ እንዲሰጠው አድርግ። ይህ ከ247ኛው ቨርዥን ጀምሮ አለ፣ ስለዚህ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ይሠራልሃል። ሲስተምዲ ፋይሉን ለዚያ አገልግሎት ብቻ በሚታይ ፎልደር ያቀርብለታል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ሩት ሆኖ መሮጥ አይጠበቅበትም። ፓይተን ውስጥ ሰርተፍኬቱን የሚጭነው ፈንክሽን ከፋይሎቹ ሌላ ፓስወርድም ይቀበላል። እሱን ባዶ ስለተውከው ነው ኦፕንኤስኤስኤል (ፓይተን ለምስጠራ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር) ተርሚናል ላይ ሲጠይቅህ የኖረው። አገልግሎትህ ኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር) ቢሆን ኖሮ ከ1.7.3 ቨርዥን ጀምሮ የፓስወርዱን ፋይል የሚጠቁም አንድ መስመር ይበቃህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፣ እኔን አንድ ሌሊት ሙሉ አስቀምጦኛል። ፓስወርዱን በ«ኤኮ» ትዕዛዝ ፋይል ውስጥ ከጻፍከው መጨረሻው ላይ የማይታይ የአዲስ መስመር ምልክት ይጨምራል። ኦፕንኤስኤስኤል ፋይሉን ሲያነብ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ስለሚወስድ በእጅህ ስትሞክረው ይከፈታል። ፓይተን ግን ያነበበውን እንዳለ ስለሚያቀብል ያንኑ ፓስወርድ አይቀበልም። እኔ ቁልፉ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ፤ የተበላሸ ነገር አልነበረም። በ«ኤኮ» ፈንታ «ፕሪንትኤፍ» ተጠቀም፣ ወይም ኮዱ ውስጥ የመስመሩን መጨረሻ ቁረጥ።

እንግዲህ ቁልፉም ፓስወርዱም አንድ ሰርቨር ላይ ካሉ መመስጠሩ ምን ይጠቅማል ትል ይሆናል። ሩት የሆነ ሰው ሁለቱንም ያነባል፣ ከእሱ አይጠብቅህም። የሚጠብቅህ የቁልፉ ፋይል ለብቻው ከሰርቨሩ ሲወጣ ነው፦ በባክአፕ፣ በስህተት ጊት (የኮድ ማስቀመጫ) ውስጥ ሲገባ፣ ለሥራ ባልደረባ ሲላክ። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ባክአፕ ውስጥ አትክተታቸው። ይህን ካላደረግክ ቁልፉን ከነመክፈቻው አሳልፈህ ሰጠህ ማለት ነው። የፓስወርዱን ሌላ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ፓስወርድ ማኔጀር ውስጥ ያዝ።

ስትጨርስ ከተርሚናል በእጅህ አስነስተህ «ሠራ» አትበል፤ ተርሚናል ካለ ኦፕንኤስኤስኤል እንደ ድሮው ይጠይቅሃል፣ አንተም ሳታስበው ትሞላለታለህ። ተጠቃሚ በማይበዛበት ሰዓት፣ አንተ አጠገቡ እያለህ፣ ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ ሪስታርት አድርገው። ኪቦርድ ሳትነካ ገጹን ከስልክህ ክፈት። ከተከፈተልህ፣ መብራት ሌሊት ሄዶ ቢመጣም አገልግሎቱ ራሱ ይነሳል።