ትንሿ የናፍጣ ትራክተር አንዴ ትነሳለች፣ አንዴ እምቢ ትላለች

ሰላም ወንድሜ። ቁልፉን ስታዞር አንዳንዴ ወዲያው ትነሳለች፣ አንዳንዴ ጭራሽ ድምፅ የለም ብለሃል። ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ለመቀየር አትቸኩል። ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፍሪሲዮን ፔዳሉን ስዊች ነው፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ እንዳትነሳ የሚከለክላት እሱ ነው። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ሞክር። የእኔዋ ላይ ስዊቹ ጭቃ ይዞ ነበር። ጠርጌ ትንሽ ወደ ፔዳሉ ሳስጠጋው ተገላገልኩ።

“ቀጭ” ብላ ዝም ካለች ግን ባትሪውን ለካ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቁልፉን ስታዞር ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ካልወረደ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲው (የትራክተሯ ብረት አካል) የሚሄደውን ገመድ ፈተህ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ መልሰህ አጥብቀው።

እባክህ፣ ሞተሪኖውን በካቻቪቴ አገናኝተህ ለማስነሳት እንዳትሞክር። ማርሽ ውስጥ ከሆነች ተነስታ ትሄድብሃለች።